አቢሲኒያን ሎንግክሎውን በደጋ ሜዳ ላይ በመልኳና በድምፅዋ መለየት

አቢሲኒያን ሎንግክሎው የምትባለው ወፍ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አትገኝም። በደጋው የግጦሽ ሜዳና ጨፌ ላይ ግን ብርቅ አይደለችም፤ ብዙ ሰው ከብት ሲያግድ ወይም መንገድ ሲያቋርጥ ሳያስተውላት አጠገቧ ያልፋል። ሳይንሳዊ ስሟን ማክሮኒክስ ፍላቪኮሊስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1840 ያወጣላት ጀርመናዊው ተፈጥሮ አጥኚ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ዘመዶቿ ፒፒቶችና ዋግቴይሎች የሚባሉት መሬት ላይ የሚራመዱ ትናንሽ ወፎች ናቸው፤ ይህን ማወቅ ኋላ ላይ አካሄዷንና በረራዋን ለመረዳት ይጠቅማል።

ጀማሪዎችን የሚያሳስተው ነገር አንድ ነው። አብዛኞቹ ፎቶዎቿ የተነሱት ከፊት ለፊት ነው፤ ደማቅ ቢጫ ጉሮሮ፣ ዙሪያውን ደግሞ ጥቁር ማተብ የመሰለ መስመር። ሜዳ ላይ ስትወጡ ግን ወፏ ጀርባዋን ሰጥታችሁ ሣር ውስጥ ትቆማለች፣ ወይም ከእግራችሁ ሥር ብድግ ብላ ትበርራለች። ቢጫውን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ከሚያገኛቸው ወፎች አብዛኞቹን «ያው ቡናማ ወፍ ናት» ብሎ ያልፋቸዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከጉሮሮዋ አይጀምርም። ከቦታው ተነስቶ ወደ ቅርጿ፣ ወደ ጅራቷ ይሄድና ከዚያ በኋላ ነው ጉሮሮዋ ላይ የሚደርሰው። ድምፅዋ ማረጋገጫ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ባይኖኩላር፣ በተለይ 8 በ42 የሚባለው። 8 የማጉላት አቅሙ ነው፣ 42 ደግሞ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር። 10 ጊዜ የሚያጎላው የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን በንፋሳማ ደጋ ላይ የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል፣ የሚያሳየው የሜዳ ስፋትም ይጠብባል። የምትሮጥ ወፍ ሣር ውስጥ ስትጠፋባችሁ መልሶ ለማግኘት ሰፊ እይታ ይበልጣል።

ባይኖኩላሩን ከመውጣታችሁ በፊት ለዓይናችሁ አስተካክሉ። ቀኝ መስታወቱን በእጅ ሸፍናችሁ በግራ ዓይን ብቻ አንድ የሩቅ ነገር፣ ለምሳሌ የአጥር እንጨት፣ በመሃሉ ማስተካከያ ጎማ ጥርት አድርጉት። ቀጥሎ ግራውን ሸፍናችሁ፣ የመሃሉን ጎማ ሳትነኩ፣ የቀኙ ዓይን ማያ ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ እያዞራችሁ ያንኑ እንጨት ጥርት አድርጉት። ይህን ያላደረገ ሰው ሁለቱ ዓይኖቹ የተለያየ ጥራት ያያሉ፤ ከ40 ሜትር ላይ በደረቷ ያለውን ስስ ጭረት መለየት አይችልም።

ከዚህ ሌላ ደብተርና እርሳስ ያዙ፤ እስክሪብቶ በጤዛ በራሰ ወረቀት ላይ አይጽፍም። ድምፅ የሚቀዳ ስልክ፣ ውሃ የማያስገባ ቦት ጫማ፣ የሣር ወይም የአፈር ቀለም ያለው ልብስም ያስፈልጋል። ነጭ ጋቢ በክፍት ሜዳ ላይ ከሩቅ ስለሚታይ ለዚህ ሥራ አይመችም።

1. ቦታና ሰዓት መምረጥ

ሎንግክሎው የምትፈልገው ክፍት የደጋ ሣር ነው። አጭርና ረጅም ሣር የተቀላቀለበት፣ አለፍ አለፍ ብሎ ጉብታ፣ ድንጋይ ወይም ትንሽ ቁጥቋጦ ያለበት ቦታ ይመቻታል። አብዛኛውን ጊዜ የምትገኘው ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ከፍታ ነው። ከአዲስ አበባ በቅርብ ለመጀመር ከእንጦጦ ማዶ ያለው የሱሉልታ ሜዳ እና በስተምዕራብ የገፈርሳ ግድብ ዙሪያ ጥሩ ናቸው። ራቅ ብሎ ለሚሄድ ደግሞ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ዲንሾ አጠገብ ያለው የጋይሳይ ሜዳ አለ። የመንዝ ጓሳም አለ፤ እዚያ ሣሩ እንደ ልብ የሚረዝመው ኅብረተሰቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ በመጀመሪያ ቄሮ በሚባል ባህላዊ የጋራ ሥርዓት፣ ግጦሹን እየዘጋና እየከፈተ ስለጠበቀው ነው።

የታረሰ መሬት ላይ ጊዜ አታጥፉ። ማሳ ዳር አልፎ አልፎ ትታያለች፤ ሣሩ ሙሉ በሙሉ ከተገለበጠ ግን ትለቃለች። ባሕር ዛፍ የተተከለበትም እንደዚሁ ነው። ሜዳው እየታረሰና ከልክ በላይ እየተጋጠ በመሄዱ ወፏ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር መዝገብ ለአደጋ ከተቃረቡት ተርታ ተመድባለች። ስለዚህ ያገኛችሁበትን ቦታ በትክክል መመዝገብ ከንቱ ድካም አይደለም።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉም ይሻላል። ያኔ ወንዶቹ ከፍ ያለ ነገር ላይ ወጥተው ያዜማሉ፣ ንፋሱም ገና አልተነሳም። ከ5 ሰዓት በኋላ ምድሩ ሲሞቅ ከመሬት የሚነሳው ወላፈን በባይኖኩላር ውስጥ ሁሉን ነገር ያንቀጠቅጠዋል፤ ከ50 ሜትር በላይ ያለ ወፍ ደረት ላይ ጭረት ይኑር አይኑር መናገር አይቻልም። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ተጓዙ። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ቢጫው ጉሮሮ ግራጫ ይመስላል።

2. ሜዳውን ማሰስ

ወዲያው ወደ መሃል አትግቡ። ዳር ላይ ቁሙና ሜዳውን ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ በባይኖኩላር ቃኙት፤ በቅድሚያ ከሣሩ በላይ የወጣውን ነገር ሁሉ እዩ። የምስጥ ኩይሳ፣ ካብ፣ የሽቦ አጥር፣ የቁጥቋጦ ጫፍ። የሚያዜም ወንድ የሚገኘው እዚያ ነው። ምንም ካልታየ ቀስ ብላችሁ ግቡ፤ ከ20 እስከ 30 እርምጃ ሄዳችሁ ቆም እያላችሁ። ወፏ ሰው ሲቀርብ መጀመሪያ ሣር ውስጥ ታጎነብሳለች፣ ከዚያ በእግሯ ትሸሻለች፣ በመጨረሻ ትበርራለች። ሳትቆሙ የምትራመዱ ከሆነ የምታገኙት ሦስተኛውን ብቻ ነው።

ስትበር የወረደችበትን ነጥብ በዓይን ያዙ፤ ነገር ግን እዚያው ትጠብቀኛለች አትበሉ። ካረፈች በኋላ በእግሯ ብዙ ሜትር ትሄዳለች። ከወረደችበት ቦታ ግራና ቀኝ ፈልጉ።

3. ቅርጿና አካሄዷ

ርዝመቷ ከምንቃር እስከ ጅራት ጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከድንቢጥ በግልጽ ትበልጣለች። ወፍራም ደረት፣ አጠር ያለ ጅራት፣ ጠንካራ እግር። ጀርባዋ ጥቁር ቡናማ ሆኖ እያንዳንዱ ላባ ጠርዙ ፈዘዝ ያለ ስለሆነ ደረቅ ሣር ላይ ስትቆም ድንበሯ ይጠፋል። ከዓይኗ በላይ ፈዘዝ ያለ ቅንድብ አለ።

ትራመዳለች እንጂ አትዘልም። ይህን በደንብ አስተውሉ፤ ድንቢጥ ሁለት እግሯን ገጥማ ስትዘል ሎንግክሎው አንዱን እግር ከሌላው እያስቀደመች ትሄዳለች። ፌንጣና ጢንዚዛ ስታይ ፈጠን ትላለች፣ ከዚያ ቀና ብላ ትቆማለች። ሎንግክሎው (ረጅም ጥፍር) የሚለውን ስሟን ያገኘችው ከኋላ ጥፍሯ ርዝመት ነው። ይህ ጥፍር የእግሯን መርገጫ ስለሚያሰፋው በሣር ቡቃያ አናት ላይ ሳትሰምጥ ለመራመድ ይረዳታል። ሜዳ ላይ ግን ጥፍሩን ለማየት አትድከሙ፣ ሣሩ ይሸፍነዋል። ድንጋይ ላይ ቆማ ጥርት ያለ ፎቶ ካገኛችሁ ብቻ ነው የሚጠቅመው።

4. በረራዋና ጅራቷ

ሰዎች ቸል የሚሉት ደረጃ ይህ ነው፤ ነገር ግን ጀርባዋን የሰጠችን ወፍ ለመለየት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ሎንግክሎው ዝቅ ብላ ትበርራለች። ክንፏን ጥቂት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ትመታለች፣ ከዚያ ክንፏን ግትር አድርጋ ዘርግታ ትንሸራተታለች፣ ደግሞ ትመታለች። ልታርፍ ስትል ጅራቷን ትዘረጋለች፤ ያኔ የጅራቷ ጥግ ግራና ቀኝ ነጭ ሆኖ ብልጭ ይላል።

«ጥግ» የሚለውን ቃል አጥብቃችሁ ያዙ። ነጩ ያለው ጫፉ አካባቢ ነው። አፍሪካን ፒፒት የሚባለው ዘመዷም ነጭ አለው፤ የሱ ግን በጅራቱ ዳርና ዳር ከሥር እስከ ጫፍ እንደ ጥለት ይወርዳል። ስለዚህ ወፏ ስትነሳ ዓይናችሁን ራሷ ላይ ሳይሆን ጅራቷ ላይ አሳርፉ። ራሷን ለማየት ያላችሁ ጊዜ ለምንም አይበቃም፣ ጅራቷን ለማየት ግን ሁለት ሰከንድ ይበቃል።

5. ጉሮሮና ደረት

አሁን ዞር ካለችላችሁ፣ በዐዋቂዋ ወፍ ጉሮሮ ላይ ያለው ቀለም ሎሚ ቢጫ አይደለም፤ ወደ ብርቱካን የሚያደላ፣ እርድ የነካው ዓይነት ቢጫ ነው። ዙሪያውን ጥቁር መስመር ከብቦት ደረት ላይ ሲደርስ ሰፋ ይላል። ከጥቁሩ በታች ያለው ሆድ እንደ ጉሮሮው ደማቅ ሳይሆን ፈዘዝ ያለ ነው፤ ከደረቷ ጎን ጥቁር ጭረቶች አሉ። ደማቅ ቢጫው ከጥቁሩ መስመር በላይ ብቻ መሆኑ ዋናው ምልክት ነው።

ሴቷ ከወንዱ ትንሽ ፈዘዝ ትላለች፤ ልዩነቱ ጥቂት ስለሆነ ጥንድ ሆነው ካልቆሙ በቀር ጾታ ብላችሁ ባትመዘግቡ ይሻላል። ገና ያልጎለመሰች ወፍ ጉሮሮዋ ቡናማ ቀመስ ነው፣ ጥቁሩ ቀለበትም የተቆራረጠ ጭረት ብቻ ይሆናል። ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ ቢጫ የሌላትን ጫጩት «ፒፒት» ብሎ መጻፍ። ያኔ ወደ ቅርጿና ወደ ጅራቷ ተመለሱ፤ ወፍራም ደረትና የነጭ ጥግ ጅራት በልጅነቷም አይለያትም።

ጉሮሮዋን የሚያሳስቱ ሦስት ነገሮች አሉ። የንጋት ፀሐይ ቀይ ብርሃን ሁሉንም ነገር ቢጫ ቀባ ያደርጋል፤ ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ጠብቃችሁ ድጋሚ እዩ። ሁለተኛው ቅዝቃዜ ነው። ወፏ ላባዋን ስታሳብጥና አንገቷን ስትሰበስብ ጥቁሩ ቀለበት ይዋጣል፣ ቀና እስክትል መታገስ ነው። ሦስተኛው ወቅቱ ነው፤ በመስከረም ሜዳው በአደይ አበባ ሲሞላ በባይኖኩላር ጠርዝ የሚታይ ቢጫ ሁሉ ዓይን ይስባል፣ ሰውም ያልነበረ ጉሮሮ «ያያል»። ቀለሙን ከጥቁሩ መስመር ጋር አብራችሁ ካላያችሁ አትመዝግቡት።

ኢንተርኔት ላይ «ቢጫ ጉሮሮ፣ ጥቁር የአንገት ቀለበት፣ ሣር ላይ የሚኖር» ብሎ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የአሜሪካዋን ሜዶውላርክ ነው። መመሳሰላቸው ያስደንቃል፤ ዝምድና ግን የላቸውም። በሁለት አህጉር ተመሳሳይ ኑሮ ተመሳሳይ መልክ ሰጥቷቸዋል። የሜዶውላርክ ምንቃር ረጅምና ሹል ነው፣ ቢጫውም ከጥቁሩ በታች እስከ ሆዷ ይወርዳል፣ እኛ አገር ደግሞ ከቶ አትገኝም።

6. ድምፅዋ

ወንዱ ጉብታ ወይም ቁጥቋጦ ላይ ቆሞ፣ አንዳንዴም ዝቅ ባለ አጭር በረራ ላይ ሆኖ ያዜማል። ዜማው ጥርት ያለ ፉጨት ነው፤ ዋሽንት የሚነፋ ሰው ሁለት ሦስት ኖታ ነፍቶ ትንፋሽ እንደሚስብ፣ አጭር ሐረግ ይልና ዝም ይላል፣ ከዚያ ይደግመዋል። ለመለየት የሚረዳው ራሱ ኖታው ብቻ ሳይሆን ዝምታውም ነው። ቀለል ያለ፣ ዘና ያለ፣ በመሃሉ ክፍተት ያለው ዜማ ነው። ሣር ውስጥ ሆና የምትጣራበት ነጠላ ፉጨትም አላት፤ ከሩቅ ይሰማል።

ጆሮን ለማሠልጠን ዜኖ ካንቶ በሚባለው ነፃ የድምፅ ማኅደር ላይ የወፏን የተለያዩ ቅጂዎች ፈልጉ። አንዱን ቅጂ ብቻ ደጋግሞ መስማት ያሳስታል፣ ምክንያቱም ያንን አንድ ወፍ ነው የምትለምዱት። አራት አምስት ቅጂ ዓይን ጨፍናችሁ ስሙ፤ እየሰማችሁም በወረቀት ላይ መስመር ሳሉ። ድምፁ ሲወጣ መስመሩ ወደ ላይ፣ ሲወርድ ወደ ታች፣ ሲንቀጠቀጥ የመጋዝ ጥርስ፣ ዝም ሲል ባዶ ቦታ። ቀጥሎ ከእሷ ጋር የሚምታቱትን የሁለት ወፎች፣ የቴክላ ላርክንና የአፍሪካን ፒፒትን፣ ቅጂ በዚያው መንገድ ሳሏቸው። ሦስቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱ ለዓይንም ይታያል።

የቴክላ ላርክ ዜማ ረጅም፣ የተጠላለፈና የሌሎችን ወፎች ድምፅ የሚቀዳ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከፍ ብሎ በሰማይ ላይ ሆኖ ይዘምራል። የአፍሪካን ፒፒት ደግሞ አየር ላይ ወጣ ወረድ እያለ አንድ ዓይነት ሻካራ «ችሪ፣ ችሪ፣ ችሪ» ይደጋግማል። ከጭንቅላታችሁ በላይ በጣም ከፍ ብሎ የሚዞር፣ ጥቃቅን ድምፅ የሚያሰማ ነገር ከሰማችሁ ሲስቲኮላ የሚባል ትንሽ የሣር ወፍ ነው፤ ወፏን ለማየት አንገታችሁን አታድክሙ።

ድምፅ ስትቀዱ ስልኩን በበረራ ሞድ ላይ አድርጉት፤ በመሃል የሚገባ ጥሪ ቅጂውን ያበላሻል። ጀርባችሁን ለንፋሱ ሰጥታችሁ በሰውነታችሁ ከልሉት፣ ማይክሮፎኑን ወደ ወፏ አቅኑት፣ ቢያንስ 30 ሰከንድ ሳትንቀሳቀሱ ቅዱ። ቦታውንና ሰዓቱን በመጨረሻ ላይ በአፋችሁ ተናገሩ፤ መጀመሪያ ላይ ከተናገራችሁ ወፏ ዝም ትላለች። የድምፅ መለያ መተግበሪያ የሚሰጣችሁን ስም እንደ ጥቆማ ውሰዱት እንጂ እንደ ፍርድ አትቀበሉት።

የተቀዳ ድምፅ ሜዳ ላይ መልሶ ማጫወት አይገባም። ወንዱ ሌላ ወንድ ግዛቱን የገባበት ስለሚመስለው መብላቱንና መጠበቁን ትቶ ይሯሯጣል። ጎጆዋ መሬት ላይ፣ በሣር ዘለላ ሥር ስለሆነ እናቲቱ ስትርቅ እንቁላሉ ለቁራና ለጭልፊት ይጋለጣል። አንድ ወፍ ምግብ በአፏ ይዛ ሳትውጥ ዙሪያችሁን ከተመላለሰች ጎጆዋ አጠገብ ናችሁ ማለት ነው፤ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ።

7. የምትምታታባቸው ወፎች

ቴክላ ላርክ፦ 17 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናት። ራሷ ላይ ሹል ጉትያ አለ፣ ደረቷ ነጠብጣብ ነው፣ ቢጫ የሚባል ነገር የለባትም። ጉትያው አንዳንዴ ይተኛል፤ ቢሆንም ከኋላ ወጣ ብሎ ይታያል።

አፍሪካን ፒፒት፦ ቀጠን ያለ ነው፣ እግሩም ረጅም ይመስላል። ጅራቱን ወደ ታች ወደ ላይ ያርገበግባል። የጅራቱ ነጭ ዳርና ዳር ነው።

የሎው ዋግቴይልና ሬድ ስሮትድ ፒፒት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ የበጋ እንግዶች ናቸው፤ ባብዛኛው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይታያሉ። የሎው ዋግቴይል ከብቶች እግር ሥር መሮጥ ይወዳል። ሰውነቱ ቀጭን፣ ጅራቱ ረጅም ነው፣ ቢጫውም ከጉሮሮ እስከ ሆዱ ያለ ጥቁር ማቋረጫ ይወርዳል። ሬድ ስሮትድ ፒፒት ወደ አገሩ ሊመለስ ሲቃረብ ጉሮሮው የሸክላ ቀለም ይይዛል፤ የጥቁር ቀለበት ግን የለውም፣ ከሎንግክሎው አጠገብም ቢቆም በጣም ትንሽ ነው።

በግንቦት ወይም በሐምሌ ሜዳ ላይ ያለች ቢጫ ጉሮሮ ወፍ እንግዲህ ከእነዚህ እንግዶች አንዷ የመሆን ዕድሏ አነስተኛ ነው። ወሩን መመዝገብ ለዚህም ይረዳል።

8. መመዝገብ

እዚያው ሜዳ ላይ ሳላችሁ ጻፉ፤ ቤት ደርሶ የሚጻፍ ነገር መጽሐፍ ላይ ካለው ሥዕል ጋር ይቀላቀላል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ከተቻለ ከፍታው፣ የሣሩ ቁመት (ቁርጭምጭሚት፣ ባት ወይም ጉልበት ድረስ ብሎ መጻፍ ይበቃል)፣ ምን ያህል ወፍ። ከዚያ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፦ «ጅራት፣ ነጭ ጥግ፤ ጉሮሮ አልታየም፤ ሁለት ጊዜ ፉጨት»። ከሦስቱ፣ ማለትም ከነጭ ጥግ ጅራት፣ ከባለ ጥቁር መስመር ቢጫ ጉሮሮና ክፍተት ካለው ፉጨት፣ ሁለቱን ካገኛችሁ ሎንግክሎው ብላችሁ በልበ ሙሉነት መዝግቡ። አንዱን ብቻ ካገኛችሁ ከስሙ ፊት የጥያቄ ምልክት አድርጉና በሌላ ጠዋት ወደዚያው ጉብታ ተመልሳችሁ እዩ፤ በመራቢያ ጊዜ ወንዱ ያንኑ ማዜሚያ ቦታ ደጋግሞ ይጠቀምበታል።